እሑዳችንን ማን በላው?

ሮም ውስጥ ሰው ቤት ገብተን የምንሠራ ሀበሾች ዕረፍታችን በሰዓት የተለካ ነው። ከአሠሪው ጋር የሚያድር ሠራተኛ በሳምንት የሚያርፈው 36 ሰዓት ነው፤ 24ቱ እሑድ፣ 12ቱ ደግሞ በሌላ ቀን፣ እንደቆየው ልማድ ሐሙስ። ሐሙስ በፖስታ ቤት፣ በመኖሪያ ፈቃድ፣ በሐኪም፣ ገንዘብ በመላክ ያልቃል። የቀረችን እሑድ ናት። ቤተ ክርስቲያን የምንሄደው እሑድ፣ አገር ቤት የምንደውለው እሑድ፣ ጸጉራችንን የምንሠራው እሑድ፣ የታመመ የምንጠይቀው እሑድ፣ ለቅሶ የምንደርሰው እሑድ። ታዲያ በዓመት ጥቂት ጊዜ «ዛሬስ አንድ ጸጥ ያለ ቦታ ሄደን ዘና ብለን እንዋል» ስንባባል የምራችንን ነው። ሩጫውንማ ሰኞ ጠዋት እናገኘዋለን።

ኦርቪዬቶን የምንመርጠው በምክንያት ነው። ከሮም በስተሰሜን በባቡር አንድ ሰዓት ከምናምን ብትርቅ ነው። ትንሽ ናት፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ በእግር ታልቃለች። ኤትሩስካውያን ከክርስቶስ ልደት በፊት በሰፈሩበት የእሳተ ገሞራ ዐለት ላይ ተቀምጣ ሜዳውን ቁልቁል ታያለች። እ.ኤ.አ. በ1290 የመሠረት ድንጋዩ የተጣለ፣ ጎኑ በጥቁርና በነጭ ድንጋይ የተሰመረ ካቴድራል አላት። ሌላም አለ። ቀስ ብለው መኖርን የመረጡ ትንንሽ ከተሞች እ.ኤ.አ. በ1999 «ቺታስሎው» የሚባል ማኅበር አቋቁመዋል፤ ኦርቪዬቶ ከመሥራቾቹ አንዷ ናት፤ ዋና ጽሕፈት ቤቱም እዚያው ነው። ምልክታቸው ቀንድ አውጣ ነው፤ ሕዝቡ ከ50,000 የሚበልጥ ከተማ አባል መሆን አይችልም። ቀስ ማለትን በማኅበር ያቋቋመ ከተማ ካላሳረፈን የት ልናርፍ ነው? እዚያስ ማንም አያስሮጠንም ብለን እንሄዳለን። እዚያም እንሮጣለን።

መጀመሪያ ባቡሩ። ሳናስቀድስ አንሄድም፤ ቅዳሴ ደግሞ የሚያልቀው ረፋዱ አልፎ ነው። እሑድ ባቡሩ ከሥራ ቀን ይቀንሳል። ሰው የሚንሸራሸርበት ቀን እሑድ፣ ባቡር የሚቀንስበትም ቀን እሑድ! አንዱ ካመለጠን ጣቢያው ውስጥ ቁጭ ብለን ሌላውን እንጠብቃለን፤ ቁጭ የምንልበት ከተገኘ። ተሳፈርን እንበል። እኛ የምንሳፈረው ርካሹን ነው፤ ወደ ፍሎረንስ የሚከንፈው ፈጣኑ ባቡር ሲመጣ የኛው ዳር ይዞ ያሳልፈዋል። አንዱን ያሳልፋል፣ ሌላውን ያሳልፋል። እርሻ መሀል ቆመን በመስኮት ሰማይ እናያለን። ለምን እንደቆምን የሚነግረን የለም፤ ሲነግሩንም ከሚያጓራው ድምፅ ማጉያ ውስጥ «ይቅርታ» የምትለዋን ብቻ እንለያለን።

ትኬቱም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። የወረቀት ከሆነ ከመሳፈራችን በፊት ግድግዳው ላይ ያለችው ማሽን ውስጥ ከትተን ማስመታት አለብን። ማሽኗ ቀለም ጨርሳለች። የምትሠራዋን ፍለጋ ወደ ሌላው መስመር እንሮጣለን። የስልክ ከሆነ ደግሞ መግዛቱ ብቻ አይበቃም፤ ከመሳፈራችን በፊት «ልሳፈር ነው» ብለን አንዲት ቦታ መንካት አለብን፤ በዚያች ደቂቃ ኔትወርኩ እምቢ ይላል። ልጇን ልትጠይቅ ከደሴ የመጣች እናት ይህን ከየት ታውቀዋለች? ገንዘቧን የከፈለችበትን ትኬት በእጇ ይዛ፣ እንደ ሌባ ሰው ሁሉ እያያት ቅጣት ሲጻፍባት አይተናል። ከፍላለች እኮ! ትኬቱ ይኸው፣ ቀኑ ይኸው፣ መንገዱ ይኸው። አልተመታም፣ አለቀ። ከዚያ በኋላ ያች እናት ቀኑን ሙሉ የምታየው ያንን ቅጣት ነው።

አድማም አለ። አድማ መብት ነው፤ እኛም ሠራተኞች ነንና የአድማን ነገር እናውቃለን፣ አንነቅፈውም። ነገር ግን በአድማ ቀን ከጠዋቱ 12 እስከ 3፣ ከምሽቱም 12 እስከ 3 ሰዓት የግድ የሚሄዱ ባቡሮች አሉ። ይህ ዋስትና የተሰጠው ለሥራ ቀን ነው። እሑድን አይጨምርም። ወደ ሥራ የሚሄድ ይታሰብለታል፤ ከሥራው ሊያርፍ የሚሄድ አይታሰብለትም።

ደረስን። ጣቢያው ከዐለቱ ግርጌ ነው፣ ከተማው ከዐለቱ አናት። የሚያወጣን ፉኒኮላሬ የሚሉት በገመድ የሚጎተት ባቡር ነው። እ.ኤ.አ. በ1888 ሲጀመር በውኃ ኃይል ነበር የሚሠራው፤ በ1970 ተዘግቶ በ1990 እንደገና ተከፈተ። ደግ ነገር ነው፤ አንዴ ከገቡበት ያስደስታል። ጣጣው መግባቱ ላይ ነው። አንድ ባቡር ሙሉ ሰው በአንድ ጊዜ ወርዶ በአንድ በር ልግባ ይላል። ሰልፍ የሚባል ነገር የለም። ፊት የቆመው ኋላ ይቀራል፣ ኋላ የመጣው «ፐርሜሶ»፣ አሳልፉኝ፣ እያለ በክርኑ ይቀድማል። በምርኩዝ የሚሄዱ ባልቴት ይዘን እንኳ መንገድ የሚለቅልን የለም።

ላይ ስንወጣ ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ሆኗል። ትልቁ በደል ያለው እዚህ ላይ ነው።

በእነዚህ ትንንሽ ከተሞች ማድ ቤት የሚዘጋው 8 ሰዓት ተኩል ግድም ነው፤ የሚከፈተው ማታ 1 ሰዓት ተኩል ግድም። በመሀሉ አምስት ሰዓት አለ። ሆዳችን ከትናንት ማታ ጀምሮ ባዶ ነው። የምግብ ቤቱ በር ክፍት ነው። ወንበሩ አለ። ጠረጴዛው ላይ የሌሎች ፍርፋሪ ገና አልተጠረገም። የወጡ ሽታ እስከ መንገዱ ይመጣል። ወጥ ሠሪው ሽርጡን እንደታጠቀ ደጅ ቆሞ ሲጋራ ያጨሳል። «ኩቺና ኪዩዛ።» ማድ ቤቱ ተዘግቷል። ገና አሁን እኮ ነው እንላለን። ኪዩዛ። ፓስታ ብቻ ይሁንልን እንላለን። ኪዩዛ። የተረፈ ነገር ካለ እንላለን። ትከሻውን ይሰብቃል። ቀጣዩ ቤት እንሄዳለን። ኪዩዛ። ዳገቱን ወጥተን ሌላ እንሞክራለን። ኪዩዛ።

ሰውዬው ክፉ አይደለም። እሱም ከጠዋት ጀምሮ ቆሟል፤ ይረፍ፣ ይብላ፤ ማታ ደግሞ እስከ እኩለ ሌሊት ሊሠራ ነው። የሰው ማድ ቤት ውስጥ ቆሞ መዋል ምን እንደሆነ ከኛ በላይ የሚያውቅ የለም። ግን ከተማው ሁሉ በአንድ ደቂቃ ለምን ይዘጋል? በተራ ቢያርፉስ? አንዱ ሲዘጋ አንዱ ቢከፍትስ? የተራበው ሰው እኮ አንድ ሁለት አይደለም፤ በየደጃፉ እየተመለሰ የሚንከራተተውን ሕዝብ ቆሞ ለቆጠረ የአንድ ቤት ጠረጴዛ ሁሉ ይሞላ ነበር። እኛ ቤት እንግዳ በ9 ሰዓት ይምጣ በ10 ሰዓት፣ ማድ ቤት ተዘግቷል ተብሎ አያውቅም።

ቀኑን ሙሉ የማይዘጉም አሉ። ካቴድራሉ አካባቢ ናቸው፤ የምግቡን ፎቶግራፍ ደጃፋቸው ላይ ለጥፈው ቆመው ይጠራሉ። ላዛኛው ዳር ዳሩ ያቃጥላል፣ መሀሉ በረዶ ነው። ዋጋው ግን ዳሩም መሀሉም አንድ ነው።

ነሐሴ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ዘመድ ከአሜሪካና ከጀርመን የሚመጣው ነሐሴ ነው፤ ነሐሴ ፍልሰታ ነው። ሥጋ የለም፣ ዕንቁላል የለም፣ ወተት የለም፣ አይብ የለም። ይህን ለአስተናጋጁ አስረድተን ስንጨርስ «ገባኝ፣ ሥጋ የለውም» ይለንና አይብ የተነሰነሰበት ፓስታ ያመጣል። አይብ እኮ አልን። «ትንሽ ናት» ይላል። ትንሽ አይብ ጾም አይፈታም ያለው ማን ነው? ጥርት ያለ የጾም ምግብ ጣሊያን አገር የለም ማለት አይደለም፤ ማሪናራ የምትባለዋ ፒሳ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና ዘይት ናት፤ ለኛ ታስባ የተሠራች ነው የምትመስለው። ግን የብዙ ፒሳ ቤት ምድጃ የሚለኮሰው ማታ ነው። ለኛ የምትሆን አንዲት ምግብ አለች፣ እሷም ማታ ናት።

የነሐሴን ነገር ካነሣን ፌራጎስቶም አለ። እ.ኤ.አ. ኦገስት 15፣ በኛ ነሐሴ 9፣ የጣሊያን ሕዝብ ሁሉ ሥራ አቁሞ የሚዝናናበት ቀን ነው፤ በዓሉም የእመቤታችን ዕርገት ነው። የኦርቪዬቶ ካቴድራል ራሱ የተሰየመው በዚሁ በዓል ነው። የኛ ፍልሰታ የሚፈታው ነሐሴ 16 ነው። በእመቤታችን ስም እነሱ በዓል ላይ፣ እኛ ጾም ላይ ስንገናኝ ደስ ሊለን ይገባ ነበር፤ ደስም ይለናል። ግን ያን ዕለት ሱቁ ዝግ ነው፣ ፋርማሲው በተረኛ ነው፣ አውቶቡሱ ቀንሷል፣ ክፍት የሆነው ምግብ ቤት ሁሉ አስቀድሞ ተይዟል። እግዜር ይይላቸው ብለን ከሮም በፌስታል የያዝነውን ዳቦና ሙዝ ደረጃ ላይ ተቀምጠን እንበላለን፤ ደረጃ ላይ ተቀምጦ መብላት ክልክል ነው የሚል እስኪመጣ ድረስ።

ገብተን መቀመጥ ሲቀናንም ኮፔርቶ ይጠብቀናል። ለወንበሩ፣ ለሹካውና ለዳቦው በነፍስ ወከፍ ሁለት ዩሮ፣ ሦስት ዩሮ። ስምንት ሆነን እንሄዳለን፤ ዳቦው አንድ ቅርጫት ነው፣ ኮፔርቶው ስምንት ነው። ሦስት ሰሃን አዝዘን መሀል እናድርገውና አብረን እንብላ ስንል አስተናጋጁ ፊቱ ይቀየራል። አብሮ መብላት ምኑ ነውር ነው? ቡናውም እንዲሁ ነው። ባንኮኒው ላይ ቆመው ሲጠጡት አንድ ዋጋ፣ ተቀምጠው ሲጠጡት እጥፍና ከዚያ በላይ። ቡና እኛ ዘንድ ሦስት ዙር ተቀምጠው የሚጫወቱበት ነው፤ ቆመን እንድንጨልጠው ቅናሽ ይደረግልናል፤ ስንቀመጥ እንቀጣለን። ሳምንቱን ሙሉ የቆምን ሰዎች ነን፤ መቀመጥ ነው የናፈቀን። መንገድ ላይ በነፃ የሚቀመጡበት አግዳሚ ደግሞ ከስንት አንድ ነው፤ የተገኘውም ፀሐይ ላይ ነው።

ሽንት ቤቱ ሳንቲም ይፈልጋል፤ እኛ የያዝነው ካርድ ነው። ሱቆቹ ከ7 እስከ 10 ሰዓት ዝግ ናቸው። ከዐለቱ ሥር ኤትሩስካውያንና ከነሱ በኋላ የመጡት የፈለፈሏቸው ከ1,200 በላይ ዋሻዎች አሉ፤ ብዙዎቹን ለማየት አስጎብኚ ያስፈልጋል፣ አስጎብኚው የሚነሣው በተወሰነ ሰዓት ነው፣ እኛ ስንደርስ ተነሥቶ ሄዷል።

ካቴድራሉ ለእሑድ ቅዳሴ ጠዋት ለጎብኚ ዝግ መሆኑ ልክ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ነው፣ ጸሎት ይቅደም። ከሰዓት ሲከፈት ግን ከሮም ወደ ፍሎረንስ የሚሄዱ የጎብኚ አውቶቡሶች ያራገፉት ሕዝብ ሁሉ ከኛ ጋር በአንድ በር ይገባል። በስተቀኝ ያለው የሳን ብሪሲዮ ጸሎት ቤት ግድግዳ ሉካ ሲኞሬሊ እ.ኤ.አ. ከ1499 እስከ 1504 የሳለው የዓለም ፍጻሜ ነው። ሐሳዊ መሲሕ ሲሰብክ፣ ሙታን ከመሬት ውስጥ በእጃቸው ተደግፈው ሲወጡ፣ ኃጥኣን በአጋንንት ሲያዙ። ዕለተ ምጽአትን ከልጅነታችን ጀምሮ በቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ላይ ያየን ሰዎች ነን፤ ይህን ሥዕል ቆመን፣ ጊዜ ወስደን፣ አንገታችንን አቅንተን ማየት እንፈልጋለን። ባንዲራ የያዘችው አስጎብኚ ሃምሳ ሰው አስከትላ ትገባለች። ሃምሳ ስልክ ይነሣል። ክንድ ይገፋናል፣ ቦርሳ ይመታናል። ሳያዩት አንሥተውት ይወጣሉ። ወዲያው ሌላ ባንዲራ ትገባለች።

ከዚያ ወደ ቅዱስ ፓትሪክ ጉድጓድ እንሄዳለን። የሮሙ ጳጳስ ቀለሜንጦስ 7ኛ እ.ኤ.አ. በ1527 ሮም ስትዘረፍ ሸሽተው ኦርቪዬቶ ሲገቡ፣ ከተማው ቢከበብ ውኃ እንዳያጣ ያስቆፈሩት ነው። መሐንዲሱ አንቶኒዮ ዳ ሳንጋሎ ሁለት ጠመዝማዛ ደረጃ አበጀለት፤ እያንዳንዱ 248 እርከን አለው፤ ብርሃን የሚገባባቸው መስኮቶችም አሉት። ሁለት ያደረገው ለምን ነበር? ውኃ ለመቅዳት የሚወርዱት በቅሎዎች ውኃ ጭነው ከሚወጡት ጋር እንዳይጋጩ። ወራጁ በአንዱ፣ ወጪው በሌላው፤ እስከ ታች ድረስ አይገናኙም። ከአምስት መቶ ዓመት በፊት ለበቅሎ ይህን ያህል ታስቧል። ከዚያ ወጥተን ወደ ካቴድራሉ በሚወስደው ጠባብ መንገድ ስንመለስ ወጪውና ወራጁ ፊት ለፊት ተፋጧል። የሕፃን ጋሪ አለ፣ አይስክሬም የያዘ አለ፣ መሀል መንገድ ቆሞ ራሱን የሚያነሣ አለ፣ ጎማው እንደ ወፍጮ የሚንኳኳ ሻንጣ በኮረብታው ድንጋይ ላይ የሚጎትት አለ። አንድ ሳንጋሎ ጠፋ?

ሲያዩት ነገሩ ሁሉ ለሁለት ሰዓት እንግዳ የተሠራ ነው። አውቶቡሱ ሁለት ሰዓት ይሰጣቸዋል፤ ሱቁ ለሁለት ሰዓት የሚሆን ማግኔት ይሸጣል፤ ምግብ ቤቱ ለሁለት ሰዓት የሚሆን ላዛኛ ያሞቃል። የከተማው ሰው ራሱ በዚያ ሰዓት በመንገዱ ብዙ አይታይም። ልንቀመጥ የመጣነውን ለይቶ የሚያየን የለም።

እንግዲያውስ እንደር እንላለን፣ ፈቃድ ስናገኝና ዘመድ አብሮን ሲሆን። ማደርም የራሱ ፈተና አለው። እንግዳ ተቀባዩ የያንዳንዳችንን ስም ለፖሊስ ማሳወቅ በሕግ ግዴታ አለበት። «ኮኞሜ?» ይላል፣ የቤተሰብ ስም። የባል በአባቱ፣ የሚስት በአባቷ፣ የልጆቹ በአባታቸው። አንድ ቤተሰብ ነን፣ ሦስት ዓይነት ስም እንሰጠዋለን። ያየናል። ፓስፖርቱን ያያል። «ባልሽ ነው?» ነው። «ልጆቹ የማን ናቸው?» የኛ ናቸው። «ታዲያ ስማቸው?» ከአያት ጀምረን እናስረዳለን። ኮምፒዩተሩ ሦስተኛውን ስም አይቀበልም፣ ወይም የአያትን ስም ከአባት ስም ጋር ገጥሞ ማንም የማያውቀው ሰው ይፈጥራል። ከኋላችን የቆመው ይቁነጠነጣል። ልጆቹ ወለሉ ላይ ተኝተዋል። ይህ የስም ጣጣ ከባንክ እስከ ሆስፒታል ሲከተለን ኖሯል፤ በዕረፍታችንም ቀን አልተወን።

ዘመድ መኪና ተከራይቶ ከመጣ ደግሞ መዘዙ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። የብዙ የጣሊያን አሮጌ ከተሞች መሀል ለነዋሪ ብቻ የተፈቀደ ክልል ነው፤ መግቢያው ላይ ካሜራ አለ። ምልክቱ የሚቆመው ኩርባ ላይ ነው፤ ከሥሩ የተጻፈው ሰዓትና ቀን ረቂቅ ጽሑፍ ነው፣ በጣሊያንኛ ብቻ ነው፣ ከኋላ ያለው መኪና ጥሩንባውን ይነፋል። ስልኩ «ቀጥል» ይላል። ሰውዬው ይቀጥላል። ከወራት በኋላ ሜሪላንድ ቤቱ ድረስ ቅጣት ይመጣለታል፤ ከቅጣቱ በፊት ደግሞ አከራዩ ስምህን ለፖሊስ ስለሰጠሁበት ብሎ የራሱን ሂሳብ ከካርዱ ወስዷል። ከዚያ ለኛ ይደውላል። እናንተ አገር ይላል።

እኛ ግን አብዛኛውን ጊዜ አናድርም፤ ሰኞ ጠዋት 12 ሰዓት የአሠሪያችን የሲኞራ መድኃኒት አለ። የሚያንገበግበን ይኸው ነው። 11 ሰዓት ላይ አውቶቡሶቹ ሕዝባቸውን ሰብስበው ይሄዳሉ። መንገዱ ይለቃል። የከተማው ሽማግሌዎች ወንበራቸውን ይዘው ደጅ ይወጣሉ፤ ባልና ሚስት ክንድ ለክንድ ተያይዘው ይንሸራሸራሉ፤ ሱቁ ክፍት ነው፤ በካቴድራሉ ፊት ያለው ወርቃማ ሞዛይክ የምዕራብ ፀሐይ አግኝቶ ያበራል። ሊያዩት የሚገባው በዚያን ሰዓት ነው፤ ባዶ ቦታ የሚገኘውም በዚያን ሰዓት ነው። በዚያን ሰዓት እኛ ሰዓታችንን እያየን ነው። የሮም ባቡር እሑድ ማታ በብዛት የለም፤ ይህ ካመለጠ ቀጣዩ የሚያስገባን ሲኞራ ከተኛች በኋላ ነው፣ ልጇም ነገ ይጠይቀናል። ከሰዓት በኋላ ያልነበረው ምግብ ሊቀርብ ነው፣ የፒሳው ምድጃ ሊለኮስ ነው፣ እኛ ፉኒኮላሬው በር ላይ እንጋፋለን።

ብዙ አንጠይቅም። እሑድ አንዲት ማድ ቤት፣ አንዲት ብቻ፣ እስከ 10 ሰዓት ትቆይልን፤ ማሪናራ መጋገር የምትችል ብትሆን ደግሞ እንመርቃታለን። ማታ አንድ ባቡር ይጨመርልን። የትኬት ማሽኗ ቀለም ይሞላላት። ሌላውን፣ ስማችንንም ጨምሮ፣ ስንችለው ኖረናል።